አጥቢያው ሲበተን ድምፁ የት ይደርሳል?

ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ የሚወርድ ሰው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ያውቀዋል። ድልድዩ የተሰየመላቸው ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የአፄ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር የነበሩ፣ በ1919 ዓ.ም ያረፉ ሰው ናቸው። በእሳቸው ዘመን የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ከድልድዩ ማዶ አልነበረም፤ እዚሁ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ አራዳ ላይ ነበር። እህል ሊሸምት፣ በቅሎ ሊሸጥ የመጣ ሁሉ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ይሰማል፤ ዐዋጅ ሲነገርም ጆሮው እዚያው ነው። ገበያውን ከቤተ ክርስቲያኑ አላቅቆ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሰፈር ያሻገረው የጣሊያን ወረራ ነው። ቃሉ ከሚሰማበት ቦታ ሰው ሲርቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሁለተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በ2016 ዓ.ም ይኸው አካባቢ፣ ፒያሳ፣ ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ከዶሮ ማነቂያና ከአካባቢው ሰፈሮች የተነሡ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ቤት በቤት ይተካል። ለብዙዎቹ የራስ መጸዳጃና የራስ ወጥ ቤት ማግኘት ቀላል ነገር እንዳልሆነም አልክድም። አጥቢያ ግን በጭነት መኪና አይሄድም። ልጅ ያስጠመቁበት፣ ሙት ያስፈቱበት፣ ሰንበቴ የጠጡበት፣ የንስሐ አባት የያዙበት ደብር እዚያው ቀርቷል። ወር በገባ በ23 ቀን የጊዮርጊስ ለት ነጠላዋን ተከናንባ በእግሯ ትወጣ የነበረች እናት አሁን ደርሶ ለመመለስ ብቻ ታክሲ ከታክሲ እየቀያየረች ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። ጉልበቷ ያልጠና ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትመጣም።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ስብከቷንና ዝማሬዋን በኢንተርኔት፣ በድምፅና በምስል ስለምታስተላልፍበት መንገድ ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚሉኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው። ጉዳዩ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ “ዓለም አቀፍ ተደራሽነት”፣ ስለ ተመልካች ብዛት፣ ስለ ሰብስክራይበር ነው። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። አንድ ደብር ስልክ አንሥቶ ትምህርቱን ሲቀርጽ በቅድሚያ ሊያስበው የሚገባው በስሙ የሚያውቀውን፣ ዛሬ ግን ከደጁ የራቀበትን የገዛ ምእመኑን ነው። የተነሣውን፣ የታመመውን፣ ሌሊት ጥበቃ የሚያድረውን፣ ዓረብ አገር ያለችውን። ከዚህ ከተነሣን በምን ዓይነት ድምፅ፣ በምን ያህል ርዝመት፣ በማን ኃላፊነት የሚለው ሁሉ መልሱ ይለወጣል።

ከድምፁ ልጀምር። በአራዳ ጊዮርጊስም ሆነ በማንኛውም የአዲስ አበባ ደብር በበዓል ቀን የሚታየው አንድ ነው። ዐውደ ምሕረቱ ላይ ሰባኪው ማይክ ይዟል፤ ግራና ቀኝ ሞንታርቦ ቆሟል፤ ከሕዝቡ መካከል አንድ ወጣት ስልኩን በስታንድ ላይ ሰክቶ ወይም በእጁ ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ድምፁ ወደ ስልኩ የሚገባው ከሞንታርቦው ተነሥቶ፣ በአየር ላይ ተንሳፍፎ፣ ከልጆች ጩኸትና ከመኪና ጥሩንባ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ማኅሌት ላይ ሲሆን ይብሳል። ስልክ ድምፅ ሲበዛበት በራሱ ይቀንሳል፤ ሲያንስበት ይጨምራል። ከበሮው ሲመታ ስልኩ ይደነግጥና ሁሉንም ዝቅ ያደርጋል፤ መሪጌታው ያነሡት ቃል ከከበሮው ሥር ይቀበራል። ጩኸት አጣሪ የሚባለው ደግሞ ጸናጽሉን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ይሸራርፈዋል። ቤቱ ተቀምጦ የሚያዳምጠው ሰው የሚደርሰው “ድም ድም” እና በመካከሉ የተቆራረጠ ግእዝ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሞንታርቦውን የሚያናግረው ሚክሰር መውጫ ቀዳዳ አለው፤ ከዚያ በአንዲት ገመድ ወደ ስልክ ወይም ወደ ትንሽ መቅረጫ መሳብ ይቻላል። ለማኅሌት ደግሞ ከከበሮው ራቅ፣ ከመሪጌታው ቀረብ ያለ አንድ ተጨማሪ ማይክ። ይህን የሚያውቁ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በየደብሩ አሉ። የጎደለው “ድምፁ ይቅደም” ብሎ የሚወስን ነው። ካሜራ፣ መብራት፣ የጀርባ ባነር ሲገዛ በጀት ይገኛል፤ ገመዷ ግን ትረሳለች።

ድምፁ ይቅደም የምለው ለውበት ብዬ አይደለም፤ ለኪስ ብዬ ነው። ስሌቱን እንሥራው። አንድ ሰዓት ስብከት ለንግግር በሚበቃ ጥራት፣ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት፣ በድምፅ ብቻ ቢጫን ክብደቱ 14 ሜጋባይት ተኩል ገደማ ነው። ያው ስብከት በመጠነኛ ጥራት፣ በሴኮንድ 1.5 ሜጋቢት፣ በምስል ሲሆን 675 ሜጋባይት ይደርሳል። በአንድ ሰዓት ቪዲዮ ጥቅል 46 ሰዓት ስብከት መስማት ይቻላል ማለት ነው። ምስሉ ላይ ያለው ምንድን ነው? ማይክ የያዘ አንድ ሰባኪ ነው። ለሳምንት ጥቅል ከልጇ የምትለምን እናት ለዚያ ምስል ብላ ይህን ሁሉ እንድትከፍል መጠየቅ አይገባም። ቪዲዮው አይኑር አልልም፤ የጥምቀት ለት ታቦት ሲወርድ፣ የማኅሌት ሽብሸባ፣ የደመራ ሥርዓት በዓይን መታየት አለባቸው። የዘወትር ስብከት ግን በድምፅ ተጭኖ በቴሌግራም ቢላክ ሌሊት በር ላይ የተቀመጠው ዘበኛ አውርዶ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ያለ ኔትወርክም ይሰማዋል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በእኛ አገር ቃል ከዓውደ ምሕረት ውጭ ሲሄድ የኖረው በድምፅ ነው። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በሁለት የ100 ኪሎ ዋት ማሠራጫዎች ከአዲስ አበባ እስከ አፍሪካና እስያ፣ ከአሥር በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይናገር ነበር። ስለዚያ ጣቢያ ከሁሉ የሚገርመኝ የጉልበቱ ነገር አይደለም። ከሥርጭት ጊዜው ለቀጥተኛ ስብከት የተመደበው 30 በመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ የቀረው ለዜና፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለኑሮ ነው። “የምንናገረው ለማን ነው? ያ ሰው ሲነጋ ምን ያስፈልገዋል?” ብለው ያሰቡ ሰዎች ያወጡት ቀመር ነው። ደርግ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም ጣቢያውን ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። በዚያው ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ መዝሙር ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ፣ በየቤቱ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ይሰማ ነበር። እምነቱን ይዞ ያቆየ ትውልድ አንዱ ስንቁ ያ ሻካራ ካሴት ነው።

የኦርቶዶክስ መዝሙር ካሴት የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ዘማሪዎቹን ይልማ ኃይሉን፣ ምርትነሽ ጥላሁንን የማያውቅ የዚያ ዘመን የሰንበት ተማሪ አይገኝም። ካሴቱን የምትገዛው ከሱቅ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የዘማሪው ስም፣ የአሳታሚው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ ተጽፏል። ባለሱቁ ራሱ “ይኼኛውን አትግዛው፣ ትምህርቱ ልክ አይደለም” የሚልህ ሰው ነበር። ከዚያ በፒያሳና በመርካቶ ጉራንጉር ሚሞሪና ፍላሽ ላይ መዝሙር የሚጭኑ ሱቆች መጡ፤ ስምና ዓመተ ምሕረት እዚያ ላይ መጥፋት ጀመረ። “ትራክ 1፣ ትራክ 2” ሆነ። ዛሬ በስልካችን ላይ ከሚዘዋወረው ስብከት ውስጥ ስንቱ የት ደብር፣ በየትኛው ዓመት፣ በምን በዓል እንደተሰበከ ይታወቃል?

የሃይማኖት ቴሌቪዥን የዘገየበት ምክንያት ሕግ ነው። በ1999 ዓ.ም የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት ዐዋጅ ቁጥር 533 ለሃይማኖት ድርጅት የብሮድካስት ፈቃድ አይሰጥም ነበር። ስለዚህ መንገዱ ሳተላይት ሆነ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የራሷን የቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረችው በ2008 ዓ.ም ነው። ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ፈተናው መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ያወጀው የአንድ ወር ጸሎት በየቴሌቪዥኑ መተላለፍ ጀመረ፤ የሕማማት ስግደትና የሚያዝያ 11 ትንሣኤ ለብዙው ምእመን በቤቱ፣ በማያ ገጽ ፊት ሆነ። ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው የሰገዱ ሽማግሌዎች ያን ዓመት አይረሱትም። በዚያ ጊዜ ላይቭ የሚባለው ነገር ከከተሜ ወጣት ጨዋታነት ወጥቶ የእናቶች ጉዳይ ሆነ።

ከዚያ የ2015ቱ ፈተና መጣ። ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ ጥር 14 ቀን የተፈጸመው የጳጳሳት ሹመት ባስነሣው ቀውስ ውስጥ፣ ከየካቲት 2 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገደቡ። የተለቀቁት በሐምሌ ነው። አምስት ወር ማለት ዐቢይ ጾምን፣ ትንሣኤን፣ ጰራቅሊጦስን የሚያካትት ጊዜ ነው። ቪፒኤን የሚያውቅ አለፈ፤ የማያውቅ ቀረ። ትምህርታቸውን ሁሉ በአንድ ቻናል ላይ ብቻ ያከማቹ ደብሮችና ሰባክያን የራሳቸውን ድምፅ ራሳቸው ማግኘት አቃታቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ዛሬም የአብዛኛው ደብር መዝገብ ቤት ዩቲዩብ ነው። የተቀረጸው ነገር አንድ ቅጂ በቤተ ክርስቲያኑ በራሱ ሣጥን፣ በሃርድ ዲስክ ላይ ካልተቀመጠ የቤተ ክርስቲያኑ ነው ብሎ መናገር ይከብደኛል።

ሌላም አለ። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ዩቲዩብ ገቢ በማይጋሩ ቻናሎች ላይም ማስታወቂያ የማስገባት መብት ለራሱ ወስዷል። ውጭ አገር ያለ ምእመን ስለ ጾም የሚሰጥ ትምህርት እየሰማ ሳለ መሐል ላይ የቢራ ወይም የውርርድ ማስታወቂያ ሊመጣበት ይችላል፤ ደብሩ ያንን አልመረጠም፣ አያየውምም። በረጃጅም ቪዲዮዎች ከማስታወቂያ ገቢ መጋራት ሲፈልግ ደግሞ ቢያንስ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር 4,000 የዕይታ ሰዓት ይጠየቃል። ከዚህ መስፈርት በስተጀርባ ያለው ግፊት ቀስ ብሎ ወደ ዓውደ ምሕረቱ ይገባል። የሚቀርጸው ልጅ የትኛው ስብከት “እንደሄደ” ያውቃል። ሰባኪውም ያውቃል። በረጋ መንፈስ ስለ ይቅርታ የተሰጠ የአንድ ሰዓት ትምህርት 300 ሰው ያየዋል፤ ከውስጡ ተቆርጦ የወጣ፣ ሰባኪው ሌላውን የነቀፈበት አንድ ደቂቃ ተኩል ግን በቲክቶክ አገር ያዳርሳል። ርእሱ “ጉድ ፈላ” ይላል፤ ታምኔሉ ላይ ቀይ ቀስት አለ። ሰባኪው ከነቀፋው በፊትና በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ጠፍቷል። በዚህ መንገድ የሚጎዳው ሰባኪው ብቻ አይደለም። ትምህርትን በቁራጭ መስማት የለመደ ጆሮ ሙሉውን ለመስማት ትዕግሥት ያጣል፤ ሙሉውን የሚሰጥ መምህርም አድማጭ ያጣል። ይህ በኦርቶዶክሱ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ በወንጌላውያኑም፣ በሙስሊሙ ዳዕዋም ያው ነው።

ከሁሉ ግን አንድ ነገር አለ፣ ዝም ልለው የማልችል። የጠበል ቪዲዮ።

ጠበል ቦታ ሰው በሕይወቱ እጅግ በተሸነፈበት ሰዓት የሚሄድበት ነው። እዚያ የሚጮኸው፣ የሚወድቀው፣ የሚናገረውን የማያውቀው ሰው ሕመምተኛ ነው። ከፊቱ ስልክ ተደቅኖ ይቀረጻል። ፊቱ ሳይሸፈን፣ ስሙ እየተጠራ፣ ምሥጢሩ እየወጣ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል። በሌሎች ቤተ እምነቶችም “ነቢይ” በሚባሉ ሰዎች ፊት የሚወድቁ ሰዎች ምስል እንዲሁ ይዞራል። ተመልካቹ ብዙ ነው፤ ብዛቱ ራሱ ለሚቀጥለው ቪዲዮ ምክንያት ይሆናል። እንዲህ የተቀረጸች አንዲት ወጣት ግን ትድናለች፤ ትነሣለች፤ ሥራ ትፈልጋለች፤ ትዳር ትይዛለች። አማቷ፣ ቀጣሪዋ፣ የልጇ የክፍል ጓደኞች ያንን ቪዲዮ ያገኙታል። ፈውሱን ለማክበር ነው የሚል አለ። ፈውስን ማክበር የፈለገ የተፈወሰችው ራሷ፣ ልቡናዋ ተመልሶ፣ ፈቅዳ፣ በራሷ አንደበት እንድትመሰክር መጠበቅ ይችላል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው መካከል ቆጥሮታል። ለቤተ ክርስቲያን ግን ሕጉ መምጣት አልነበረበትም። ንስሐን በምሥጢር የሚጠብቅ ሥርዓት ያላት ቤት የጠበልተኛን ገበና በአደባባይ መተው አትችልም። እስካሁን የተጫኑት ይውረዱ፤ ከእንግዲህ በጠበል ቦታ ካሜራ አይግባ። ይህን ለመወሰን ቅዱስ ሲኖዶስ እስኪሰበሰብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለደብር አስተዳዳሪ አንድ ማስታወቂያ ይበቃዋል።

ወደ መዝገቡ ልመለስ፤ ምክንያቱም መልካም ምሳሌ የራሳችን አለን። በ1966 ዓ.ም ገደማ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ መንበረ ፓትርያርኩ ከአሜሪካ ተቋማት ጋር ተባብሮ ከየገዳሙና ከየደብሩ የመጡ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት አስነሣ። ቅጂዎቹ አንድም እዚህ፣ አንድም ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀመጡ። የእያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር፣ የመጣበት ቦታ፣ ይዘቱ ተመዘገበ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ለዚያ ዝርዝር ሥራ ሰጡ። በኋላ በጦርነትና በስርቆት ከየቦታው የጠፋ መጽሐፍ ካለ ቢያንስ ምስሉ ሊገኝ የሚችለው በዚያ ድካም ነው። ዛሬ ድምፅን በዚያ ዓይነት ጥንቃቄ የሚመዘግብ ማነው? የዜማ ሊቃውንት እያረጁ ነው። የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር፣ የተጉለት የዜማ ቤቶች ልዩነት በጽሑፍ ምልክት ብቻ አይያዝም፤ ምልክቱን የሚያነብበው ጉሮሮ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ በየደብሩ ከእነዚህ ቤቶች የመጡ መሪጌቶች አሉ፤ በየሳምንቱ ያዜማሉ፤ በየሳምንቱም ይቀረጻሉ። ግን ፋይሉ ስሙ የተቀረጸበት ሰዓትና ቁጥር ብቻ ነው። የመሪጌታው ስም፣ የትውልድ ጉባኤ ቤታቸው፣ የዕለቱ ቃለ እግዚአብሔር፣ ግእዝ ይሁን ዕዝል ይሁን አራራይ፣ ምንም የለበትም። አንድ የሰንበት ተማሪ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር አምስት መስመር ቢጽፍ ከሃያ ዓመት በኋላ ተመራማሪም ተማሪም ያመሰግነዋል።

የባለቤትነት ነገርም እዚህ ላይ ይነሣል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410 ለዘማሪውም ለቀራጩም መብት ይሰጣል፤ ተገቢ ነው። የጥንቱ የያሬድ ዜማ ግን የማንም የግል ንብረት አይደለም። በዩቲዩብ ራስ ሰር ፍተሻ ውስጥ ያንን ዜማ የያዘ ቅጂውን ቀድሞ ያስመዘገበ ሰው የሌላውን ደብር ማኅሌት “የእኔ ነው” የሚያሰኝበት ዕድል አለ። ስሙ፣ ቀኑና ቦታው በትክክል የተመዘገበ የራስ ቅጂ ያለው ደብር ያን ጊዜ የሚከራከርበት ማስረጃ ይኖረዋል።

ሁሉም ነገር በስልክ ይተላለፍ ብዬ የተረዳኝ ካለ አልተግባባንም። ቅዳሴን በስልክ ማየት ማስቀደስ አይደለም፤ በስልክ አይቆረብም፤ ዕጣን በስልክ አይሸትም። ይህን የማያውቅ ምእመን የለም። ነገር ግን በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ፣ አገሩ በአደባባይ የቆመ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት፣ ከቤትም እንድትወጣ ያልተፈቀደላት፣ ወጥ ቤት ቆማ በአንድ ጆሮዋ የምትሰማው ስብከት አለ። ለእርሷ ያ ድምፅ ተጨማሪ አይደለም። ብቸኛው ነው። ቤይሩት ያለችውም እሑድ ፈቃድ ያገኘች እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ካላገኘች ያው ነው። እነዚህ ልጆች “ዓለም አቀፍ ተመልካች” ተብለው መቆጠር የለባቸውም። ብዙዎቹ የፒያሳ፣ የመርካቶ፣ የአዲስ ከተማ ልጆች ናቸው፤ የክርስትና ስማቸውን የሚያውቅ ቄስ እዚህ አለ።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ከሰበካ ጉባኤው ነው። በ1965 ዓ.ም በወጣው ቃለ ዓዋዲ መሠረት እያንዳንዱ አጥቢያ ምእመኑን ይመዘግባል፤ ቤተሰቡን፣ አድራሻውን፣ የንስሐ አባቱን። በፒያሳ ዙሪያ ያሉ ደብሮች መዝገብ ላይ ካለው አድራሻ ውስጥ ዛሬ የፈረሰ ቤት ቁጥር ብዙ ነው። ያን መዝገብ ከፍቶ በየስልክ ቁጥሩ እየደወሉ “አሁን የት ናችሁ? ማን አረፈ? ማን ወለደ? ማን ታመመ?” ብሎ መጠየቅ የሰንበት ትምህርት ቤት የሁለት ወር ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የሚከፈተው የቴሌግራም ቡድን አባላቱ የሚታወቁ ሰዎች ይሆናሉ። የሚላክላቸው የእሑዱ ሙሉ ስብከት በድምፅ፣ የሳምንቱ የፍትሐትና የተዝካር ማስታወቂያ፣ የንስሐ አባቶች የሚገኙበት ሰዓትና ስልክ ነው። እናቶች ቴሌግራም ካላወቁ የልጅ ልጆቻቸው ይጭኑላቸዋል። ብዙ የተነሡ ቤተሰቦች አንድ ብሎክ ላይ ከተገኙ ደግሞ በድምፅ መወሰን አያስፈልግም፤ ካህን መላክ ይቻላል፤ ጠበል የሚረጭ፣ ንስሐ የሚሰማ፣ ሰንበቴውን እዚያው የሚያስቀጥል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ በየዓመቱ ለሞንታርቦ ጥገና ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም። ሞንታርቦው ደግሞ ጉልበቱን የሚያፈሰው ብዙዎቹ ነዋሪዎቿ በሌሉባት ፒያሳ ላይ ነው። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የሒሳብ ሪፖርቱ ከመነበቡ በፊት ሊቀ መንበሩ አንድ ቁጥር እንዲያቀርቡ ቢጠየቁ ደስ ይለኛል፦ ከመዝገባችን ውስጥ ዛሬ ከድልድዩ ማዶና ከከተማው ዳር የሚኖሩት ስንት ናቸው፣ ባለፈው ዓመትስ ለስንቱ ደወልን?